ሲመሽ አቁማት

ጉማሬ ሊያሳየን ማልዶ የቀጠረን
የፓርኩ አስጎብኚ፣ ፈንታሁን፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ አዞረን።
«ያቻት!» ይላል። እናያለን። ድንጋይ ናት።
«ያቻት አሁን!» ግንድ ናት።
ፔሊካኑ ብቻ ቀጠሮ አከበረ፤
አገልግሉን ባንገቱ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ነበረ።

ሆድ ግን ጉማሬ አይደለም፤ ተደብቆ አይውልም፤
ስድስት ሰዓት ላይ ብቅ ካለ፣ ተመልሶ አይጠልቅም።

ከዋርካው ሥር ካለች የቆርቆሮ ዳስ
ገባን፣ ጠረጴዛው በእርጥብ ጨርቅ ሲታበስ።
ቆሮሶ መጣልን፣ ጎኑ እንደ እርሻ የተተለመ፣
ዘይቱ ከትሪው ላይ ገና እንዳጉረመረመ።
ዳጣ። ግማሽ ሎሚ። እንጀራ ሁለት ጥቅል።
«ዓይኑን እኔ!» «ዓይኑን እኔ!» — ዓይኑ ዝም ብሎ ያየናል።
እሾሁን በከንፈር እየለየን፣ ሳህን ዳር
ደረደርነው፣ እንደ ሰበዝ፣ ነጭ በነጭ ድርድር።

ሒሳብ፦ ስምንት መቶ አርባ።
ወረቀቱን ገልብጬ አላየሁት፤ የጠገበ ሰው ሒሳብ ውስጥ አይገባ።
ለአስተናጋጁ ሃምሳ ብር ጉርሻ፣
ለድመቷ ጭንቅላቱን — ይኸው የምሳው መጨረሻ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ነው ያየናት።
ጦይባ ትባላለች፤ ስሟን ኋላ ነው የጠየቅናት።
ጉልበቷ ላይ ደንገል፣ ጥርሷ ውስጥ ገመድ፣
ሸራዋ ላይ ሃያ ታንኳ፣ አሁን ተነሥቶ እንደሚሄድ
አፍንጫውን ወደ ሐይቁ አዙሮ የቆመ፤
መዳፍ የሚያህል፣ ግን ከአፍንጫ እስከ ጭራ ሥራው የተፈጸመ።

«ስንት ነው?» «ሦስት መቶ።»
«ለሣር?» አልሁ፣ ከንፈሬ በዓሣው ቅባት ወዝቶ።
«ሁለት ከሃምሳ።» «መቶ።» «ሁለት መቶ በት።»
ሄድ አልሁ — የማውቃት የገዢ ዘዴ ናት —
ቆም አልሁ። አልጠራችኝም። ደንገሏን ትፈትላለች፣
ጣቷ ላይ አዲስ ታንኳ ካፍንጫው ትጀምራለች።

ተመለስሁ። እፍረቴን ልሸፍን፣ ሌላ ነገር ጠየቅሁ፦
«ለመሆኑ ይቺ ትንሳፈፋለች?» አልሁ።
ቀና አለች። ሳቀች። ድዷ እስኪታይ ሳቀች።
«አሥራ ሁለት ዓመት ሸጥሁ፣ ይኼን የጠየቀኝ የለም» አለች።
«ባሌ ትልቁን ይሠራል፤ ሁለት ኩንታል እንጨት ከዘጌ ይጭናል፤
እኔ የመዳፉን እሠራለሁ፤ እሱ ደግሞ ዓይን ይበላል።»

ተነሣች። ጀልባ ከሚታሰርበት ድንጋይ አጠገብ
አንዷን ለቀቀቻት፣ እንደ ጫጩት፣ በገደብ።
ታንኳዋ አንዴ ዋለለች፤
ሞገድ መጣ — ጎንበስ፣ ቀና — አለፈች።
ከዚያ ነፋሱ ያዛት። ከደንገሉ ወዲያ፣
ከፔሊካኑ እግር ሥር፣ ከዚያም ወዲያ፣ ከዚያም ወዲያ።
«ሄደች!» አልሁ። «ሄደች» አለች። ዝም አልን ሁለታችን፤
ጉማሬ ስንፈልግ እንኳ እንዲህ አልፈጠጠም ዓይናችን።

«የሄደችዋን አልቆጥርም፣ እሷስ ሥራ ገባች፣»
ብላ ሌላዋን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠች።
ሁለት መቶ ከፈልሁ። ያቺን ሃምሳ፣ ለአስተናጋጁ የሰጠኋትን፣ አሰብኋት፤
እኅቷ ኪሴ ውስጥ ነበረች። አላወጣኋት።
«ደንገል ውሃ ይጠጣል፣» አለችኝ፣ «አንድ ቀን ካንሳፈፍሃት፣
ሲመሽ አውጥተህ፣ ግድግዳ አስደግፈህ፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ፣ አቁማት።»

አሁን ደብረ ብርሃን፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣
ከፕላስቲክ አበባው ጎን ሆና ቤቱን ስታይ
ሰነበተች። «ቤቱ ዓሣ ዓሣ ይላል» ትላለች ሚስቴ፤
እኔ ዝም እላለሁ፤ አንድ ያልተፈጨ ነገር አለ ከአንጀቴ።

ቅዳሜ ልጄ ማሕደር፣ በልብስ ማጠቢያው ሳፋ፣
አንሳፈፈቻት፣ አረፋው ላይ፣ ወደ ካልሲዎቹ ስትገፋ።
አልተቆጣሁም። ሲመሽ አውጥቼ፣ ከግድግዳው አስጠግቼ፣ አየኋት፤
ውሃዋን እያንጠባጠበች፣ አፍንጫዋን ወደ ላይ፣ አቆምኋት።